ሁዳዴን የጾመችው ሰዓት

አሰብ ውስጥ እጅጌው የረዘመ ሸሚዝ ለብሶ፣ እስከ አንጓው ድረስ ቆልፎ የሚሄድ ሰው ካያችሁ ከሦስት አንዱ ነው። ወይ ትናንት ከደጋ በአውሮፕላን የወረደ እንግዳ ነው፤ ወይ ወባ ይዞት ብርድ ብርድ ይለዋል፤ ወይ ደግሞ እንደ እኔ ሰዓት ገዝቷል። እንግዳው በማግስቱ እጅጌውን ይሰበስባል። ወባውም በክኒን ይለቃል። የእኔ ግን መድኃኒት አልተገኘለትም ነበር።

ያን ጊዜ ወደቡ አጠገብ ባለ አንድ የመንግሥት መጋዘን ውስጥ ጸሐፊ ነበርኩ። ተወልጄ ያደግሁት ደሴ ነው። «አሰብ ተመድበሃል» የተባልኩ ዕለት እናቴ እንደ ሞተ ሰው አልቅሳልኛለች፤ ጎረቤትም መጥቶ «እግዜር ያጥናሽ» ብሏታል። አሰብ ግን እንደተፈራው አልገደለችኝም፤ ቀቀለችኝ እንጂ። ቀቅላኝ ስታበቃም ስንዱን አሳየችኝና ሁሉን ይቅር አልኳት።

ስንዱ የመሥሪያ ቤታችን ታይፒስት ናት። አባቷ ጋሽ ተክሌ ዕድሜያቸውን በዘበኝነት ጨርሰው ጡረታ የወጡ፣ ወገባቸውም ቃላቸውም የማይታጠፍ ሰው ናቸው። ጉድለታቸው ዓይናቸው ብቻ ነው፤ ሞራ ጋርዶታል። በደረት ኪሳቸው ከጣሊያን ጊዜ የቆየች ባለ ሰንሰለት ሰዓት አለቻቸው። በየማለዳው ራሳቸው ይሞሏታል፤ ከዚያ ጆሯቸው ላይ አድርገው ያዳምጧታል። መናገሯን ይሰማሉ፤ ምን እንዳለች ግን አያውቁም። አንድ ጊዜ ጨረቃዋ ንጋት መስላቸው ቤተ ክርስቲያን ሊሳለሙ ሲወጡ ሰዓት እላፊው ገና አላለቀም ኖሮ የቀበሌ ጠባቂዎች ጠመንጃ አቀባብለው አስቆሟቸው። አውቀዋቸው መለሷቸው እንጂ በዚያ ዘመን ሰው ከዚህ ባነሰ ነገር ወጥቶ ይቀር ነበር። 

ሽማግሌ የላክሁት ሁዳዴ ሊገባ ሲል ነው። ጋሽ ተክሌ ሽማግሌዎቹን በክብር ተቀብለው፣ «የልጁን ድምፅ አውቀዋለሁ፤ ጠባዩን ግን ገና አላወቅሁትም። ጾሙ ይለፍና መልሴን በፋሲካ ትሰማላችሁ» ብለው ሸኟቸው። እስከ በሩ ሲሸኟቸውም፣ «በጨለማ የሚበራ ሰዓት ወጥቷል ይላሉ፣ እውነት ነው እንዴ?» ብለው ጠየቁ።

ይህን የነገረኝ ሰው ባይነግረኝ ምናለ! በሚቀጥለው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ጠብቄ፣ «ጋሼ፣ ያቺን ሰዓት እኔ አመጣልዎታለሁ! ለፋሲካ እጅዎ ላይ ትበራለች!» አልኳቸው። ማንም ሳይጠይቀኝ፣ ሰዓቷን በዓይኔ ሳላያት፣ የት እንደምትገኝ እንኳ ሳላውቅ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። ጋሽ ተክሌ ወደ ድምፄ ዞር ብለው፣ «ቃልህ ነው?» አሉኝ። «ቃሌ ነው!» አልኩ።

በአሰብ የጠፋ ነገር ሲፈለግ የሚኬደው ሐጂ ሰዒድ ሱቅ ነው። ሐጂ ሰዒድ ከባቲ የወረዱ ነጋዴ ናቸው፤ ከየመን በጀልባ የሚመጣ ነገር ሁሉ አንድ ቀን በባንኮኒያቸው ሥር ሳያድር አይቀርም።

«አሰላሙ አለይኩም ሐጂ።»

«ወአለይኩም ሰላም፣ አንተ የደሴ ልጅ! ምን ጠፋህ?»

የጠፋኝን ነገርኳቸው። ጎንበስ ብለው በጨርቅ የተጠቀለለች ነገር አወጡ። ፊቷ ጥቁር፣ ባዶ፣ ቁጥር የሌላት፣ የሚዞር ነገር የሌላት ሰዓት ነች።

«ሐጂ፣ ይቺ ሞታለችሳ?»

«አልሞተችም፤ ተኝታ ነው። ስትነካት ትነቃለች» አሉና ከጎኗ ያለችውን ቁልፍ ጫን ሲያደርጓት ቀይ ቁጥር ቦግ አለ። ጣታቸውን ሲያነሱ ድርግም። እንደገና ተጭነው ቆዩባት፤ አሁን ደግሞ ሰኮንዶቹን አንድ ባንድ ትቆጥር ጀመር። አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

«ግን ስማኝ» አሉ ሐጂ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ሆዷ ውስጥ የሸሚዝ ቁልፍ የምታህል የባትሪ ድንጋይ አለች። ያቺ ካለቀች ሌላ የለም። እዚህ የለም፤ አዲስ አበባም አስጠይቄ የለም ብለውኛል። እንደ ሬዲዮ ድንጋይ ፀሐይ ላይ ብታሰጣት አትነቃም፤ በጥርስህ ብትነክሳትም አትነቃም። ወላሂ፣ ባየሃት ቁጥር ከበርሜልህ አንድ ኩባያ ውሃ እንደ ቀዳህ ቁጠረው።»

ለአሰብ ሰው ከዚህ የባሰ ማስፈራሪያ የለም። በአሰብ ሰው ልጁን በርሜሉን ያህል አይጠብቅም።

ስለዚህ ሰዓቴንም ይዣት ሁዳዴ ገባሁ። ከጠዋት ጀምሮ ምንም አትቀምስም። ከሥራ ስወጣ ብቻ ጥላ ፈልጌ፣ ግራ ቀኝ አይቼ፣ አንድ ጊዜ ጫን አደርጋትና ጾሟን ትፈታለች። ከዚያ እስከ ነገ ትተኛለች። እኔ በሽሮ፣ እሷ በባዶ ሆዷ፣ ፋሲካን እንጠብቅ ጀመር።

«ታዲያ ሣጥን ውስጥ ቆልፈህ አታኖራትም ነበር?» ትሉኝ ይሆናል። ይህን ብልህ ሰው ሁሉ ይለኛል። እኔም ለራሴ ብዙ ምክንያት ደርድሬለት ነበር፤ አብሮኝ የሚኖረው ሰው ሣጥኔን ከእኔ በላይ ያውቀዋል፣ ሙቀቱ ያቀልጣታል፣ አይጥ ይወስዳታል። ሐቁ ግን ሌላ ነው። በመላው አሰብ እንዲህ ያለ ሰዓት ያለኝ እኔ ብቻ ሆኜ እጄን ባዶ አድርጌ መሄድ አልሆነልኝም። አዲስ ጫማ ገዝቶ በባዶ እግሩ የሚሄድ ሰው ካለ እሱ ይፍረድብኝ።

ወሬው ሳምንት አልፈጀም። ከበይሉል ዓሣ ይዘው የሚመጡት ሰዎች ሳይቀሩ ዓሣቸውን አስቀምጠው «የታለ ባለ እሳቱ?» ብለው ይጠይቁ ጀመር። መንገድ ላይ የሚያገኘኝ ሁሉ ሰላምታውን ሳይጨርስ «ሰዓት ስንት ነው?» ይላል። ስንት እንደሆነ ቸግሮት እንዳይመስላችሁ፤ ቀዩዋን ለማየት ነው። ስነግረው ደግሞ «እስቲ ድገማት!» ይላል።

ችግሩ ቀዩ ቁጥር በአሰብ ፀሐይ ሥር አይታይም። ሐጂ ሰዒድ ይህን አልነገሩኝም፤ ሱቃቸው ጨለማ ነው። ስለዚህ እጄን ደረቴ ላይ አስጠግቼ፣ በሌላው እጄ እንደ ጧፍ ከልዬ እጫናታለሁ። ጠያቂውም ጭንቅላቱን ብብቴ ሥር ያስገባል። ግንባር ለግንባር እንጋጫለን። ተጋጭተን ይቅርታ ስንባባል ድርግም ትላለች። «አላየሁም» ይላል፤ እንደገና እንጀምራለን። አንድ ጊዜ እንዲህ ተደፍተን ያየን የቀበሌ ጠባቂ የተከለከለ ወረቀት የምንቀባበል መስሎት እየሮጠ መጣ። ነገሩን ባስረዳሁት ጊዜ ጠመንጃውን ትከሻው ላይ አንግቶ እሱም ብብቴ ሥር ገባ።

አልነግርም እንዳልል ነውር ነው። ሰዓት የጠየቀን ሰው መመለስ እሳት ልጫር ብሎ የመጣን ጎረቤት በር ላይ እንደ መመለስ ነው። ለዚህ ነው እጅጌው የረዘመውን ሸሚዝ ያወጣሁት፤ ደሴ ለክረምት የምለብሰውን፣ ወፍራሙን። ላቤ በጣቶቼ ጫፍ ይንጠባጠብ ነበር። «አላመመህም?» ሲሉኝ «ልማድ ነው» እላለሁ። ሰዓት ሲጠይቁኝ «ቤት ረስቻት መጣሁ» እላለሁ። ይባስ ብሎ ሥራ እንዳይረፍድብኝ እኔው ራሴ መንገደኛውን ሰዓት እጠይቅ ጀመር። ባለ ሰዓት ሆኜ ሰዓት ስለምን ዋልኩ ማለት ነው።

እንዲህም ሆኖ እስከ ፋሲካ እደርስ ነበር፤ የውይይት ክበብ ባይኖር። በየሳምንቱ ሠራተኛው ሁሉ ተሰብስቦ ይወያያል። ተናጋሪው በዝቶ፣ ንግግሩ ረዝሞ ምሳ ሰዓት እያለፈ ስላስቸገረ ሊቀመንበሩ፣ «ጓዶች፣ ለእያንዳንዱ ተናጋሪ አምስት ደቂቃ ይበቃል። ሰዓት የሚቆጣጠር ጓድ እንምረጥ» አለ። አዳራሹ ሙሉ ወደ እኔ ዞረ። በሙሉ ድምፅ ተመረጥኩ፤ ተጨበጨበልኝም። ድንጋይ እየቆጠብኩ ነው ብሎ እምቢ ማለት በዚያ አዳራሽ ምን ማለት እንደሆነ ለሚያውቀው መንገር አያስፈልግም። ተናጋሪዎቹ እየተነሱ ስለ ዓለም ወዛደሮች ትግል ሲናገሩ እኔ ቁልፏን እየተጫንኩ ስለ ጋሽ ተክሌ አስብ ነበር። በተጫንኳት ቁጥር አንድ ማለዳ ከእጃቸው የምቀማቸው ይመስለኝ ነበር።

ለሚቀጥለው ስብሰባ ግራ እጄን በፋሻ ጠቅልዬ ተገኘሁ። ሰዓቷ ከፋሻው ሥር ነች።

«ምን ሆንክ ጓድ?»

«ከጆንያ ላይ ወደቅሁ።»

ከጆንያ ላይ ወድቆ የተሰበረ ሰው በመጋዘናችን ታሪክ የለም፤ ሌላ ውሸት ባስብ ይሻለኝ ነበር። ይሁን እንጂ የአሰብ ሰው ለሰው አሳቢ ነው፤ ውሸቴን ራሱ አስተካከለልኝ። ጠዋት ከጆንያ ላይ የወደቅሁት ሰው ምሳ ሰዓት ላይ ከመኪና ላይ ወደቅሁ። ማታ ቤቴ ስገባ ከክሬን ላይ ወድቄ በተአምር መትረፌን ሰማሁ። ከቁጥጥር ሥራዬም ወዲያው ተነሳሁ፤ ሐሳቤ ሠመረ። ያልሠመረው ጠያቂው ነው። በሽተኛ መጠየቅ ደግሞ እናውቅበታለን። ብርቱካን መጣ፣ ተምር መጣ፣ ስኳር በወረቀት ተጠቅልሎ መጣ። የውይይት ክበቡም ሊቀመንበሩ ያለበት የልዑካን ቡድን ላከልኝ። ሁሉም አጠገቤ ተቀምጦ «እግዜር ይማርህ» ካለ በኋላ ሊወጣ ሲነሳ፣ በልማድ፣ «ለመሆኑ ሰዓት ስንት ሆነ?» ይልና ፋሻዬን አይቶ ከንፈሩን ይመጥጣል።

አንድ ጠዋት መሥሪያ ቤት ውስጥ ስንዱ ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆመች። «ማነው እንዲህ ያሰረልህ? ፋሻ እንዲህ ላልቶ ይታሰራል?» አለች። ልፍታው እንዳትል ፈርቼ እጄን ወደ ደረቴ ሰበሰብኩ። እሷ ግን ፋሻውን ሳትፈታ የራሷን ሻሽ ከራሷ ላይ አውርዳ፣ ከላይ ደርባ፣ እንደ ጤፍ ጆንያ አፍ ጠፍራ አሰረችልኝ። ሰው ሁሉ እያየ። «አመመህ?» ስትለኝ «ኧረ ምንም!» አልኩ። ያን ቀን ሙሉ አንጓዬን ሲሞቀኝ ዋለ። ፍቅር ነው አልኩ። አሰብ ላይ የማይሞቅ ነገር ስለሌለ ሌላ አልጠረጠርኩም።

አመሻሽ ላይ መብራት ጠፋ። ቬንትሌተሩ ቆመ፤ እኔም አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ሻማ እፈልጋለሁ። በሩ ተንኳኳ። ስንዱ አባቷን በእጃቸው ይዛ ገባች። ከኋላቸው ደግሞ ወጌሻው ጋሽ ደምሴ። ጋሽ ደምሴ የመንዝ ሰው ናቸው፤ እጃቸው የገባ አጥንት ያልተሰበረ እንደሆነ ተሰብሮ ይድናል ይባልላቸዋል።

«የታለ ልጁ?» አሉ ጋሽ ተክሌ። «ለእኔ ብሎ ሲሮጥ ነው የወደቀው አሉኝ፤ እንዴት ቤቴ እቀመጣለሁ?» እንዴት ይህ እንደተጨመረበት እግዜር ይወቅ። ከአልጋዬ ሥር ብገባ ደስ ባለኝ።

«ጋሼ፣ እየተሻለኝ ነው። ፋሻው ባይፈታ ይሻላል።»

«አልፈታውም» አሉ ጋሽ ደምሴ፣ እጃቸውን እያፍተለተሉ። «እኔ ከላዩም ሆኜ አየዋለሁ።» አንጓዬን ጨበጡት፤ ዳሰሱት። «ኧረ ጉድ! አጥንቱ ወጥቷል!»

«የቱ ጋ?» አለች ስንዱ።

«እዚህ ጋ። ደግሞ አራት ማዕዘን ነው። በሉ ያዙልኝ፤ ስንት ዘመን ሳሽ አራት ማዕዘን አጥንት ገጥሞኝ አያውቅም።»

«ይተዉት ጋሼ! እሱ እንደዛ ነው!» ብዬ ጮኽኩ። «እያመመው ይቀባጥራል» አሉና አጥንቱን ወደ ቦታው ሊመልሱ በሁለት አውራ ጣታቸው ይገፉ ጀመር።

«ቆይ፣ ቆይ!» አሉ ጋሽ ተክሌ በድንገት። «ልጁ ይደማል!»

«የምን ደም አባዬ?»

«ይኸው ቀይ! እኔ ዕውሩ እያየሁት እናንተ አታዩም?» ጎንበስ አሉ። አፍንጫቸው ሻሹን እስኪነካ ተጠጉ። ክፍሉ ጨልሟል፤ እውነትም ከሻሹ ሥር ቀይ ነገር ይፍለቀለቃል። «ስንዱ… ደሙ ይቆጥራል።»

«ምን?»

«ሠላሳ ስድስት… ሠላሳ ሰባት… ሠላሳ ስምንት…»

ያን ጊዜ ገባኝ። ስንዱ በማለዳ ጠፍራ ያሰረችው ሻሽ ቁልፏን ተጭኖ ነው የዋለው። ከከተማው ሁሉ ደብቄ የቆጠብኳት ሰዓት ቀኑን ሙሉ ለገዛ ቆዳዬ ስታበራ ውላለች። ያ ሙቀት ፍቅር አልነበረም። ጋሽ ተክሌ ግን ፊደል እንደሚቆጥር ሕፃን፣ ጣታቸውን ሻሹ ላይ አድርገው፣ ድምፃቸው ከፍ እያለ ያነቡ ነበር። ከስንት ጊዜ በኋላ በዓይናቸው ቁጥር ማንበባቸው እንደሆነ ስንዱ ታውቃለች፤ እጇን አፏ ላይ ጭና ቆማለች። ቀዩ እየደበዘዘ ሄደ።

«ሃምሳ ሦስት… ሃምሳ አራት… ሃምሳ…» ጣታቸውን ከሻሹ ላይ አነሱ። «ጠፋ።»

በዚያው ቅጽበት ጋሽ ደምሴ «ገባ!» አሉ። አልገባም፤ ወጣ እንጂ። ጩኸቴን ወደብ ላይ ያሉ መርከቦች ሳይሰሙት አልቀሩም።

ስንዱ ሻሿን ፈታች፤ ፋሻውን ፈታች። ሰዓቷ ጥቁር ፊቷን ይዛ ወጣች። ጋሽ ደምሴ «አላልኩም? አራት ማዕዘን ነው» አሉ።

ሁሉንም ነገርኳቸው። አፈርኩ፤ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። የእጄ ሕመም ከዚያ ጋር ሲተያይ ምንም አልነበረም። ስንዱ ሻሿን እያጣጠፈች፣ «እኔንስ አንድ ቀን ታልቅብኛለች ብለህ በፋሻ ትጠቀልለኝ ይሆን?» አለችኝ።

«ይቺ ናት ቃልህ?» አሉ ጋሽ ተክሌ።

«እሷ ናት ጋሼ። ግን አለቀች።»

«እጄ ላይ እሰርልኝ።»

በደህናው እጄ አሰርኩላቸው። እሳቸው ደግሞ ከደረት ኪሳቸው ባለ ሰንሰለቷን አውጥተው መዳፌ ላይ አኖሯት። «አንተ ዓይን አለህ፣ እኔ ሰዓት አለኝ። ጠዋት ጠዋት አምጣትና እሞላታለሁ፤ አንተ ታነብልኛለህ። ሰዓት እላፊው ማለፉንም አይተህ ቤተ ክርስቲያን ታደርሰኛለህ። ማታም ተመልሰህ ትነግረኛለህ» አሉ። ስለ ልጃቸው አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ ወጡ።

የጾሙን ግማሽ እንዲህ ገፋሁት። ግራ እጄ አሁን የእውነት ታስሯል፣ በሸምበቆ፤ አንድም ሰው ግን ሊጠይቀኝ አልመጣም። በየንጋቱ ሄጄ ሰዓት አነባለሁ፤ በየማታው ሄጄ ሰዓት አነባለሁ። ጋሽ ተክሌ «እግዜር ይስጥልኝ» ይላሉ፤ ሌላ የለም። ሽማግሌዎቹ «ምን ይመስላል?» ሲሉኝ «አስር ሰዓት ተኩል» እላቸዋለሁ፤ ከዚያ ውጭ የማውቀው ነገር አልነበረም። ስንዱ በር ትከፍትልኛለች፣ ትዘጋብኛለች። ሆሳዕና ላይ ሸምበቆዬን አይታ ትንሽ ሳቀች። እንቅልፍ ያጣሁበት ሳቅ ነው፤ ምን ማለት እንደሆነ ሳወጣ ሳወርድ አደርኩ።

የፋሲካ ዕለት ማለዳ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ጋሽ ተክሌ ነጭ በነጭ ለብሰው፣ የሞተችዋን ሰዓት አንጓቸው ላይ አድርገው ከፊት ይሄዳሉ። ስንዱ እጃቸውን ይዛለች። እኔ ባለ ሰንሰለቷን ይዤ ከኋላ እከተላለሁ። መልሱ የሚሰማበት ቀን ነው። ሐጂ ሰዒድ ሱቃቸው ደጃፍ ላይ ቆመው፣ «እንኳን አደረሳችሁ!» አሉ። ዓይናቸው ከጋሽ ተክሌ እጅ ላይ አረፈ። «አጃኢብ! ተክሌ፣ ያቺ ሰዓት እስካሁን አለች? እስቲ ስንት ሰዓት ሆነ?»

ጋሽ ተክሌ ቆሙ። የእጀ ጠባባቸውን እጅጌ ቀስ አድርገው ሰዓቷ ላይ ሳቡት።

«አሁን እንኳ አልነካትም ሐጂ፤ ድንጋይዋን እየቆጠብኩ ነው» አሉ። «አማቼን ጠይቁት።»

ያን ቀን ላልጠየቀኝም ሰው ሁሉ ሰዓት ስነግር ዋልኩ።